በቀኝ ጥግ የተጻፈው

ዮንግዶ ደሴት ላይ በደንብ የምትሰማ አሮጊት ከተገኘች ወይ በቅርቡ የመጣች እንግዳ ናት፣ ወይ ደህና ባል አግብታ መዶሻ ሳትጨብጥ ያረጀች ናት። የቀሩት ጆሯቸውን መርከብ ጎን ላይ ትተውት መጥተዋል። ቡሳን ወደብ የገባ አሮጌ መርከብ ሁሉ ለጥገና የሚወጣው እዚህ ነበር፤ ሴቶቹ በገመድ በተንጠለጠለ ሳንቃ ላይ ተቀምጠው ዝገቱን በመዶሻ ያራግፉታል። ካንግ፣ ካንግ፣ ካንግ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። በዚያው ድምፅ የካንግካንግ ሴቶች ተባሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ሰፈር ግን ቃል በቃል ይሠራል።

ማልጃ ከእነሱ አንዷ ናት። ቀኝ ጆሮዋ ጨርሶ ሞቷል። ግራው ደግሞ እንደ ሰነፍ ተላላኪ ነው፤ የላኩትን ግማሹን መንገድ ላይ ጥሎ ግማሹን ይዞ ይመጣል። ስሟ «የመጨረሻዋ» ማለት ነው። አባቷ ሴት ልጅ ሲደራረብበት በቃኝ ለማለት ያወጣላት ነው፤ ከእሷ በኋላ ግን ሁለት ሴቶች ተከተሉ። የጓደኛዋ የፒልናም ስም «ቀጣዩ የግድ ወንድ» እንደማለት ሲሆን፣ እሷን እውነትም ወንድ ተከተላት።

«ያንቺ ስም ሠራ፣ የኔ ከሸፈ» ትላታለች ማልጃ።

«ሠራ ብትይስ? የሠራው ለወንድሜ ነው» ትመልሳለች ፒልናም።

ማልጃ ፊልም ትወዳለች። የአገሯን ሳይሆን የውጭውን ነው የምትወደው፤ ይህን የሰማ ሁሉ ይስቅባታል። እሷ ግን ምክንያት አላት። «የአገሬን ፊልም ሳይ ሰው ሁሉ ስቆ ሲጨርስ እኔ እጀምራለሁ፤ ደንቆሮነቴ ይታወቅብኛል። የውጭ ሲሆን ግን አዳራሹ ሙሉ ደንቆሮ ነው። ሚኒስትር ቢመጣ እንኳ የፊንላንድ ሰው የሚያወራው አይገባውም። እኩል ነን» ትላለች። እኩል ለመሆን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሌላው ደንቆሮ ከስክሪኑ ሥር የሚሮጠውን ነጭ ጽሑፍ ያነባል፤ ማልጃ ፊደል አልቆጠረችም።

ለዚህ ነው ፒልናም ያስፈለገቻት። ፒልናም በሁለት ዓመት ትበልጣታለች፤ ስለዚህ ማልጃ «እትዬ» ነው የምትላት። እትዬ ፒልናም አራተኛ ክፍል ድረስ መማሯን መርከብ ጥገናው ግቢ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ ራሷ ናት የነገረችው። ድልድዩን ተሻግሮ ያለው የከተማው ፊልም አዳራሽ በሳምንት አንድ ጠዋት ለአረጋውያን የየአገሩን ፊልም ያሳያል። ሁለቱ ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከኋላው ረድፍ በግራ ጥግ ነው፤ ፒልናም ግድግዳውን ተደግፋ፣ ማልጃ ከእሷ ቀጥላ፣ ያቺ ሰነፏ ግራ ጆሮ ወደ ፒልናም አፍ ሆና። እዚያ ጥግ የተወሰኑት በሰው ልመና ነው፤ ፒልናም ለማልጃ ስታንሾካሹክ እስከ ፊተኛው ረድፍ ይሰማ ነበርና። ከፊታቸው ሽማግሌው ጉ ይቀመጣል፤ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። ፒልናም ስታነብ ራሱን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ ይሰማል። ዓይኑ ደክሞ ነው ብለው አዘኑለት።

ይህ ነገር የተጀመረው በሳቅ አልነበረም። የማልጃ ባል ፓንሶክ ሩቅ ባሕር ዓሣ በሚያጠምድ መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። እሷ ገና ወጣት፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቿም ሕፃናት ሳሉ መርከቡ በሌላው የዓለም ጫፍ ማዕበል ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ሬሳ አልመጣም። ማልጃም አላለቀሰችም፤ ሬሳ ሳያዩ ምን ተብሎ ይለቀሳል? በየቀኑ ሩዝ ስትሠራ አንድ የናስ ሳህን ሞልታ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ ከሥሩ በእሳት በሚሞቀው ወለል ጥግ በብርድ ልብስ ትሸፍነዋለች። መንገደኛ የሚጠበቀው እንዲህ ነው። ማታ ልጆቿ የቀዘቀዘውን ይበሉታል፤ በማግስቱ ሌላ ይሞላል። ልጆቿ አድገው፣ አግብተው፣ ራሳቸው እናት ሆነው፣ ሳህኑ ከብርድ ልብሱ ሥር አልወጣም።

አንድ ቀን ታላቂቱ ልጇ ልቧን ጠንከር አድርጋ መጣች። «እማዬ፣ አባታችን እኮ የሰው ወግ ይገባዋል። የሞተበት ቀን ያልታወቀ ሰው መታሰቢያው በዘጠነኛው ወር በዘጠነኛው ቀን ነው። ማዕዱን እኛ እናዘጋጅለት፤ አንቺ እሺ ብቻ በዪን» አለቻት። ማልጃ እሺም እምቢም አላለችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። በማግስቱም አልተነሳችም። እሺ ካለች ባሏን የገደለችው እሷ ልትሆን ነው፤ እምቢ ካለች ልጆቿን ልታስቀይም ነው። እህል እምቢ አላት።

ያን ጊዜ ነው ፒልናም በሩን ሳታንኳኳ የገባችው። ቢንኳኳም የሚሰማው አልነበረም።

«ተነሺ፤ ፊልም ልንሄድ ነው።»

«ምን ይረባኛል? ማንበብ የማልችል ሴትዮ።»

«እኔ አለሁ አይደል! አራተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት ለማን ሆነና? ተነሺ አልኩ፣ ጸጉርሽን አበጥሪ። የጭራሮ ክምር መስለሻል።»

የዚያን ቀኑ ፊልም ከሰሜን አገር የመጣ ነበር። ባሏ በመርከብ ሄዶ የቀረባት አንዲት ሴት በየቀኑ ባሕሩ ዳር ትቆማለች። መሐል ላይ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች ቤቷ መጥተው አንድ ነገር ነገሯት፤ ሴትየዋ ወንበር ይዛ ቆመች። መጨረሻ ላይ ጺሙ ያደገ ሰውዬ ሻንጣ ተሸክሞ በበረዶው መንገድ ብቅ አለ። «ደሴት ላይ ተጥሎ ነበር አሉ» ብላ አነበበችላት ፒልናም። «ዓሣ አጥማጆች አገኙት። ራሱን ተመትቶ ስሙን እንኳ ረስቶ ነበር፤ አሁን ትዝ አለው። 'ዘገየሁብሽ፣ ይቅር በዪኝ' ይላታል።» ማልጃ ከአንጀቷ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የዚያን ሁሉ ዘመን እንባ ፒልናም መሐረብ ላይ አፈሰሰችው። ቤቷ ገብታ ሩዝ ሠራች፣ ሳህኑን ሞላች፣ ለልጇም ደወለች። «መታሰቢያ የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ። ሰው ከስንት ዓመት በኋላ ይመለሳል፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለች። ልጆቿ ዳግመኛ አላነሱባትም።

ከዚያ በኋላ የቀረ ሳምንት የለም። ዓለም በየተራ እየመጣ ፊታቸው ተቀመጠ። የበረሃ ሰዎች ጠፍቶ የቀረ አህያ ሲፈልጉ አዩ። ሕንዶች ሠርግ ላይ አልቅሰው ቀብር ላይ ሲዘፍኑ አዩ፤ ወይም የተገላቢጦሹን፣ ፒልናም እንኳ እርግጠኛ አልነበረችም። አንዲት ፈረንሳዊት ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋ ላይ ስትወጣ ሁለቱም ደረታቸውን ያዙ። «በጫማዋ! አልጋ ላይ!» አለች ማልጃ። «ለዚህ ነው ባልዋ የሚፈታት፤ እዚህ ላይ ተጽፏል» አለች ፒልናም። ከፊት ሽማግሌው ጉ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

ሌላ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች ምድጃ ፊት ተቀምጠው የፊልሙን እኩሌታ ዝም ተባባሉ። በመጨረሻ ታላቅየው አንዲት ቃል ተነፈሰ። ፒልናም በዚያች ቃል ውስጥ የእናታቸውን ኑዛዜ፣ የመሬቱን ክርክርና የታናሽየውን ያልሰመረ ትዳር አንብባ ጨረሰች። «ቋንቋቸው እንዴት እጥር ምጥን ያለ ነው!» ብላ ማልጃ አደነቀች። ከአፍሪካ የመጣ አንድ ፊልም ላይ ደግሞ አንዲት ሴት ከትሪው ጠቅልላ ለባሏ አጎረሰችው። እነሱም ሥጋ በሰላጣ ቅጠል ጠቅልለው ይጎራረሳሉና ማልጃ ነገሩ ገባት። «ተጣልተው ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «ተጣልተው ነበር፤ አሁን ታረቁ። ግን እሷ ገና አልረሳችለትም፤ አጎራረሷን እዪ» አለች ፒልናም። እውነትም ጉርሻው ከአፍ ተርፎ ጉንጭ ላይ ደርሶ ነበር።

ማልጃ በእነዚያ ጠዋቶች አንድ ነገር ተማረች። ዓለም ሰፊ ነው ይባላል እንጂ፣ የተናደደች ሴት ሳህን አቀማመጥ የትም አገር አንድ ነው፤ ሽማግሌ ልጁ ፊት ላለማልቀስ የጫማውን ክር የሚነካካውም የትም አገር ነው። ሁሉም የሚጠብቀው ሰው አለው። ደግሞ የሚገርመው፣ ከየትም አገር በባሕር የሄደ ሰው ሁሉ ይመለስ ነበር። መርከቡ ቢሰጥም ጀልባ ያገኛል፤ ጀልባው ቢሰበር ደሴት ያገኛል። ማልጃ ቤቷ ገብታ ብርድ ልብሱን ስትነካ እጇ ላይ ሙቀት ይሰማታል። ደስተኛ ነበረች። ይህን ከሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ክረምት ፒልናም ጉልበቷን ልትታከም ኡልሳን ከተማ ልጇ ጋ ሄደች። አንባቢ ጠፋ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ለአረጋውያን የፊደል ትምህርት ተከፈተ። ማልጃ ለማንም ሳትናገር ተመዘገበች፤ እትዬ ስትመለስ ልታስደንቃት ነው። መዶሻ የለመደ እጅ እርሳስ ሲይዝ ሰባሪ ነው፤ ስንቱን ሰበረች። ግን ፊደል ለማልጃ ቶሎ ገባት፤ ምክንያቱም አንድ ነገር ነበር የምትፈልገው። ፀደይ ሲመጣ የሱቅ ስም፣ የአውቶቡስ ምልክት፣ የመድኃኒት ካርቶን ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች የሰው መሳቂያ ሆነች።

ፒልናም ከዘራ ይዛ ተመለሰች። «እንዴት ነው ጉልበትሽ?» አለቻት ማልጃ። «አዲሱ ጉልበት ከኔ ይበልጥ ጤነኛ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ ነው ያጣው» አለች ፒልናም። በሳምንቱ በለመዱት ጥግ ተቀመጡ። ማልጃ ፊልሙ እስኪያልቅ ዝም ብላ፣ በመጨረሻ የመጨረሻውን ቃል ራሷ ልታነብላት አስባለች። ልቧ እንደ ሙሽራ ይመታል።

በስክሪኑ ላይ አንድ ገበሬ ለልጁ ተናገረ። ጽሑፉ መጣ። ማልጃ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ «ላሟን... ሸ...» እስክትል ጠፋ። በግራ ጆሮዋ ፒልናም፣ «'እናትሽ ከከተማ ልትመጣ ነው' ይላታል» አለቻት።

ተሳስቼ ይሆናል አለች ማልጃ በልቧ፤ ትናንት የተማረ ሰው። ሌላ ጽሑፍ መጣ፤ «በረዶው... አይቆምም።» ፒልናም፣ «'አዲስ ቀሚስ እገዛልሻለሁ' ይላል» አለች። ሦስተኛ መጣ፣ አራተኛ መጣ። ላም እንጂ እናት የለም። በረዶ እንጂ ቀሚስ የለም። ማልጃ ቀስ ብላ ዞር አለች፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልሙን ትታ ፒልናምን አየቻት። የፒልናም ዓይን ጽሑፉ ያለበት ከታች አልነበረም። በቀኝ በኩል፣ ስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ላይ ነበር።

ማልጃ ክው አለች። ምክንያቱም ቀኝ ጠርዙን ታውቀዋለች። ድሮ በወጣትነታቸው ጊዜ የውጭ ፊልም ጽሑፍ ከታች አልነበረም። በስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ላይ፣ ሊደርቅ እንደተሰቀለ ዓሣ ከላይ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይወርድ ነበር። የመርከብ ጥገናው ግቢ ጸሐፊ አንዴ ለበዓል ሲኒማ ወስዷቸው ሳለ አንገቱን ወደ ቀኝ ሰብሮ ሲያነብ ሁሉም ሴት እሱን ነበር የሚያየው። ፊደል የቆጠረ ሰው ዓይኑ ወደ ቀኝ ይሄዳል ብለው ያዙ። ጽሑፉ ወደ ታች ከወረደ ስንት ዘመኑ! ፒልናም ማንበብ አትችልም። አንባቢ መምሰልን እንኳ ከድሮው ጸሐፊ ነው የቀዳችው።

ሆድ ይፍጀው ብላ ቤቷ ገባች። ግን ሆዷ አልፈጀውም። በማግስቱ ሽማግሌው ጉ ገበያ ዳር ፀሐይ ሲሞቅ አገኘችውና ፊቱ ቆመች።

«አባባ፣ አንቱ ማንበብ ይችላሉ?»

«ዕድሜ ልኬን የሰው ደብዳቤ ሳድል ኖሬ! ምን ማለትሽ ነው፣ እትዬ ማልጃ?»

«ታዲያ ፒልናም የምትለውና የተጻፈው እንደማይገጥም አያውቁም ነበር?»

ሽማግሌው ትንሽ ሳቀ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። የተጻፈውን እኔ አነባለሁ፣ የሷን ደግሞ እሰማለሁ። በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም! ብዙ ጊዜ የሷ ይሻላል።»

ማልጃ አልሳቀችም። «ያ የሰሜን አገር መርከበኛ፣ መጀመሪያ ያየነው፣ በበረዶው የመጣው» አለች። «እሱስ?»

ሽማግሌው ፈገግታውን አጠፋ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ባልየው መሐል ላይ ሞቷል። ባርኔጣ ያደረጉት ሰዎች ሊያረዷት ነበር የመጡት። መጨረሻ ላይ የመጣው ወንድሙ ነው፤ የሟቹን ልብስ ይዞ።»

ማልጃ ቤቷ እንዴት እንደገባች አታውቅም። ደሟ ፈላ። በአንድ ፊልም ምክንያት ልጆቿን አፍ አስይዛ፣ በአንድ ሻንጣ ምክንያት ስንት ሳህን ሩዝ አሙቃ! ፓንሶክን እየጠበቀች የኖረችው በፒልናም ምላስ ላይ ተንጠልጥላ ነው? ተናደደች። ከንዴቱ ሥር ደግሞ ፍርሃት ነበር፤ ያ መርከበኛ ከሞተ ፓንሶክስ?

በሚቀጥለው ሳምንት ጥጓ ላይ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ልጅ አባቷን ትለምናለች። «'እሺ ልጄ፣ ከመርከቡ ሲወርድ ታገቢዋለሽ' ይላታል» አለች ፒልናም። ማልጃ ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«ጽሑፉ ከታች ነው!» ብላ ጮኸች። የደንቆሮ ጩኸት ልክ የለውም፤ አዳራሹ ሙሉ ዞረ። «ከታች ነው ያለው! ቀኝ ቀኙን የምታፈጥጪው ማን ጽፎልሽ ነው? ፊደል ሳትቆጥሪ ስታነቢልኝ የኖርሽ፣ ቀጣፊ!»

ፒልናም ቦርሳዋን አቀፈች፣ ከዘራዋን በጨለማው ዳበሰች፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ከዚያ አዲስ ጉልበቷ ጋር ቀስ ብላ ወጣች። ሽማግሌው ጉ ዞር አለ። «እትዬ ማልጃ፣ በዓይን ያዩት ሁሉ በአፍ አይባልም» አላት። ማልጃ ያን ቃል ያለ ወትሮዋ ጥርት አድርጋ ሰማችው።

ፒልናም በሳምንቱም ቀረች፣ በሚቀጥለውም። ማልጃ እልኋን ይዛ ብቻዋን ሄደች። አሁን ፈጥናለች፤ ጽሑፉ ሳይጠፋባት ታነባለች። አንድ ሙሉ ፊልም አንድ ቃል ሳያመልጣት አንብባ ወጣች። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ስለ ምን ነበር ብላ ራሷን ጠየቀች። ቃሎቹን ሁሉ ታስታውሳለች፤ አንድም ፊት አላስታወሰችም። ሴትየዋ መልከ መልካም ትሁን ፉንጋ፣ ስትሰናበተው ታልቅስ ትሳቅ አታውቅም። ዓይኗ ሙሉውን ጊዜ ከሥር ሲሮጥ ነበር የዋለው። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ የእሷ ዓይን ሥራ ላይ ስለነበር ምንም አልገባላትም። ድልድዩ ላይ ቆማ ሳለች ፒልናም ናፈቀቻት። በጣም ናፈቀቻት።

ትኩስ ጣፋጭ ቂጣ ገዝታ ዳገቱን ወጣች። ፒልናም በሯ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ማልጃን ስታይ የጆሮ መስሚያዋን ከጆሮዋ አውጥታ ኪሷ ከተተችው።

«አልሰማሽም» አለች።

«ገና አልተናገርኩም!»

«ስትናገሪም አልሰማሽም።»

ማልጃ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ቂጣውን ጭኗ ላይ አደረገችላት። «እትዬ፣ በድያለሁ» ብላ ጮኸች፤ ጎረቤት መስኮት ተከፈተ። «ሰው ፊት አዋረድኩሽ። ይቅር በዪኝ።»

ፒልናም ሽንኩርቱን መላጥ ቀጠለች። «የወንድሜን ቦርሳ ተሸክሜ ትምህርት ቤት በር ድረስ አደርሰው ነበር» አለች። «በሩ ላይ እቀራለሁ። አራት ዓመት አደረስኩት። አራተኛ ክፍል ድረስ ያልኩት ያንን ነው። ያው መንገዱን ተምሬዋለሁ።»

«ፊልሙ እኮ ብቻዬን አልሆነልኝም። ሳነብ ፊት ማየት አልችልም። ነዪ፤ እኔ ላንብብልሽ፣ አንቺ ፊቱን እዪልኝ።»

ፒልናም መስሚያዋን ከኪሷ አወጣች፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ጆሮዋ ውስጥ መለሰችው። «ምን አልሽ? ድገሚው፤ ደስ የሚል ነገር መሰለኝ» አለች።

በሳምንቱ እዚያው ጥግ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌው ጉ ሲያያቸው ኮፍያውን አነሳ። የዚያን ቀኑ ፊልም የወደብ ከተማ ታሪክ ነበር። ሴቶች መረብ ይጠግናሉ። አንዲቱ በጠዋት ባሏን ትሸኛለች። ማልጃ እያንዳንዱን ቃል በፒልናም ጆሮ ታነባለች፤ ፒልናም ደግሞ «ፈርታለች» ትላለች፣ «እናቱ አልወደደቻትም» ትላለች፣ «ይሄ ሽማግሌ አንድ ነገር ያውቃል» ትላለች። ማልጃ ሙሉ ፊልም ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ ከመርከብ ድርጅቱ የመጣ ሰው ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ጽሑፉ ወጣ። «መርከቡ ሰጥሟል። የተረፈ የለም።» ማልጃ አነበበችው። አጭር ነበር፣ ግልጽ ነበር፣ ቶሎም አልጠፋም። አፏ ግን አልታዘዛትም።

«ምን ይላል?» አለች ፒልናም።

«'ይዘገያል እንጂ ይመጣል' ይላል።»

«ውሸታም» አለች ፒልናም። «የሴትየዋን ፊት እያየሁ?»

ማልጃ ወደ ፒልናም ዞረች። «አንቺስ ታዲያ? ያን ጊዜ፣ በዚያ በበረዶው ፊልም፣ የሴትየዋን ፊት አላየሽም ነበር? መሞቱን አላወቅሽም?»

«የሷን ፊት መች አየሁትና።»

«ወደ ቀኝ ጥግ እያፈጠጥሽ እንዴት ታዪው!»

«አንቺ ሴትዮ» አለች ፒልናም፤ ጮክ ብላ፣ አዳራሹ እንደሚሰማ እያወቀች። «ማንበብ አልችልም እንጂ ዕውር ነኝ አልኩሽ? ጽሑፉ ከታች መሆኑን አጣሁት? እስቲ በቀኜ ማን ነው የተቀመጠው?»

ማልጃ ተቀምጣበት የኖረችውን ወንበር ያን ጊዜ አወቀችው።

«በዚያ ሰሞን እህል እምቢ ብለሽ ነበር» አለች ፒልናም፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰዎቹ ሊያረዷት ሲገቡ ፊትሽን አየሁት። የሚነበብ እሱ ነበር። በሕይወት አለ ስልሽ መለስ አልሽ። ከዚያ ወዲህ ያንን ነው የማነበው።»

ስክሪኑ ላይ ሴትየዋ መረቡን መጠገን ትታ እጇን አየች። ማልጃ የፒልናምን እጅ ያዘች፤ ሁለቱም እጅ መዶሻ ያጎበጠው ነው። አንገቷን አዘነበለችና በጆሮዋ አነበበችላት። «ሰጥሟል ይላል፣ እትዬ። የተረፈ የለም ይላል።» ፒልናም ራሷን ነቀነቀች። ፊልሙ እስኪያልቅ ሌላ ቃል አላነበቡም።

ድልድዩን ተሻግረው ማልጃ ቤት ገቡ። ምሳ ሰዓት ነበር። ማልጃ ጠረጴዛውን ዘረጋች፣ ኪምቺ የሚሉትን የኮመጠጠ ጎመንና የዓሣ ወጥ አቀረበች። ከዚያ ወደ ወለሉ ሞቃት ጥግ ሄዳ ብርድ ልብሱን ገለጠች፣ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት የሞላችውን የናስ ሳህን በሁለት እጇ አንስታ ፒልናም ፊት አስቀመጠችው። ክዳኑን ስታነሳው ሩዙ ገና ይጨስ ነበር።

ፒልናም ሳህኑን አየች፣ ማልጃን አየች። የማን ሳህን እንደሆነ ታውቃለች። ማንኪያ አልያዘችም።

«በዘጠነኛው ወር ለልጆቼ እሺ እላቸዋለሁ፤ የመታሰቢያውን ዓሣ አንቺ ትጠብሺልኛለሽ» አለች ማልጃ። «አሁን ብዪ፣ እትዬ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ፒልናም ማንኪያውን አነሳች።